የባሌ ተጠባባቂ

በትዳር ዘመኔ በባሌ የቀናሁባት ሴት አንዲት ብቻ ናት። እሷንም ቤቴ ድረስ የላከብኝ መንግሥት ነው።

ባሌ በዚያን ጊዜ ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ የአንድ ማተሚያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ከውርስ አዋጁ በፊት የአንድ ሽማግሌ ግሪክ ነበር። ሲወረስ ሽማግሌው ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ማሽኖቹን አንድ በአንድ በእጁ እየዳሰሰ ወጣ። ባሌ ከማሽን ክፍል ኃላፊነት ተነስቶ ሥራ አስኪያጅ ተባለ። እኔ እዚያው አራሚ ነበርኩ። የተዋወቅነውም በዚሁ ነው፤ እሱ ያትማል፣ እኔ ከመታተሙ በፊት ስህተቱን እለቅማለሁ። ሲሾም ግን፣ «ሚስቱን ሰብስቦ ደመወዝ ያበላል እንዲሉኝ አልፈልግም» አለኝ። ሁለተኛዋን ልጃችንን አርግዤ ስለነበር ብዙም ሳልከራከር ቤት ዋልኩ። ለጊዜው ነው ብዬ ነበር።

መጀመሪያ የያዘው ያንን አንድ ማተሚያ ቤት ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አምስት ኪሎ ያለ ሌላ ትንሽ ማተሚያ ቤት ከሱ ጋር ተዋሃደና ሁለቱም በሱ ላይ ወደቁ። የመሠረተ ትምህርት መጻሕፍት መጡ፤ የተማሪ መጻሕፍት መጡ፤ የአብዮት በዓል ሲደርስ ደግሞ ሁሉን አስትቶ ፖስተር ይመጣል። ጠዋት የምርት ስብሰባ፣ ከሰዓት የውይይት ክበብ፣ እሁድ ቀበሌ። ወረቀት አሰብ ላይ ተያዘ ሲባል እሱ ነው የሚሮጠው። ማሽን ቆመ ሲባል እሱ፣ ሁለት ሠራተኞች ተሰዳደቡ ሲባልም እሱ። የመጋዘኑን፣ የማሽን ክፍሉን፣ የወረቀት ማከማቻውን ቁልፍ ሁሉ ራሱ ነበር የሚይዘው፤ ከቁልፉ ብዛት ሱሪው ወደ አንድ ጎን ዘመም ይል ነበር።

«ለምን ለክፍል ኃላፊዎቹ አትሰጣቸውም?» እለዋለሁ።

«ቢያጠፉ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

በዚያ ዘመን መጠየቅ ማለት ምን እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። እራቱን ኮቱን ሳያወልቅ ይበላና ቁጭ ባለበት ያንቀላፋል። ትንሿ ልጃችን እሱን እንግዳ አድርጋው ነበር፤ በር ሲከፈት ቀሚሴ ሥር ትሸሸጋለች።

ቤታችን ከሰባ ደረጃ በታች ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ ደረጃው መሀል ላይ ደርሶ ቁጭ አለ፤ መነሳት አቃተው። ጎረቤቶች ደግፈው መለሱት። ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ዛሬ ወረቀት ይገባል፣ ልቀቁኝ» ይል ነበር። ሐኪም ቤት ስንወስደው ሐኪሙ ደሙን ለክቶ ቀና ብሎ አየኝ፤ እሱን ትቶ ለኔ ነበር የሚናገረው። «ግፊቱ በጣም ከፍ ብሏል። መድኃኒት እሰጠዋለሁ፤ ግን ለወራት ካላረፈ መድኃኒቱ ብቻውን አያድነውም።»

«እኔ ከተኛሁ ሥራውን ማን ይይዘዋል?» አለ ባሌ።

የሚይዘውማ ሰው ተገኘ። ማተሚያ ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ኮርፖሬሽን ተጠባባቂ ሥራ አስኪያጅ እልካለሁ አለ። እኔ ወንድ ነበር የጠበቅኩት። ባሌ በዝና ያውቃት ኖሯል። «ከድርጅት ድርጅት የምትዞር ሴት ናት» አለኝ። «አለቃ የታመመበት፣ አለቃ ለትምህርት የሄደበት...» ድምፁን ቀነስ አደረገ፤ «አለቃ የታሰረበት ሁሉ እሷን ነው የሚልኩት።»

ወደ ማተሚያ ቤቱ ከመሄዷ በፊት ወደ እኛ ቤት መጣች። አርባ ዓመት ገደማ ትሆናለች። ጸጉሯን አጭር ተቆርጣለች፤ ግራጫ ኮትና ጉርድ ለብሳ ዝቅ ያለ ጫማ ተጫምታለች። ጌጥ የሚባል የለባትም። ቆንጆ ናት ለማለት ያስቸግራል፤ ስትቀመጥ ግን ክፍሉ የሷ ይመስላል። አማቴ ከኛ ጋር ነበር የሚኖሩት፤ እሳቸው ለእንግዳ የሚሆነውን ደህናውን ወንበር ሲያቀርቡላት እምቢ ብላ ባሌ አልጋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

እኔ ሻይ ላፈላ ገባሁ። ስለ ማሽን፣ ስለ ወረቀት ትጠይቀዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ጓድ፣ ከሚሠሩት ሥራ ሁሉ አብዝተው የሚጠሉት የቱን ነው?» ስትለው ሰማሁ።

ባሌ ሳቀ። ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው። እንዲህ ሲስቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ማስታወስ አቃተኝ።

«ስብሰባ» አላት።

«እንግዲያው ከሱ እጀምራለሁ።»

ትሪውን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ይህን ጥያቄ እኔ በስንት ዓመት ትዳር ጠይቄው አላውቅም። ደከመህ ወይ ብዬዋለሁ፣ በላህ ወይ ብዬዋለሁ፤ ምን ትጠላለህ ግን ብዬው አላውቅም። ቅናቴ የጀመረው እዚያ በር ላይ፣ ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው።

«ስኳር ጨምሪላት እንጂ» አለኝ ባሌ። የቀበሌ ስኳር ነው፤ ለልጆቹ ብዬ ቆጥቤ ያስቀመጥኩት። ጨመርኩላት።

ስትነሳ፣ «የእርስዎን ወንበር አልነካውም» አለችው። «ለራሴ ትንሽ ጠረጴዛ መስኮቱ ጋ አስገባለሁ። ሲመለሱ ወንበርዎን እንደነበረ ያገኙታል። አሁን ቁልፎቹን ይስጡኝ።»

ሰጣት። ሱሪውን ልቦርሽለት ስለው እንኳ ቁልፎቹን ከኪሱ ሳያወጣ የማይሰጠኝ ሰው፣ ያንን የቁልፍ ዘለላ ከትራሱ ሥር አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት።

ከሄደች በኋላ አማቴ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው መንገዱን አዩ። «ለስንት ጊዜ ነው የመጣችው?» አሉኝ።

«ለጊዜው ነው እማማ፣ እሱ እስኪሻለው።»

«ለጊዜው?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እነዚያስ ለጊዜው ነን ብለው አልነበር የመጡት? ይኸው ሄዱ?»

«እማዬ!» አለ ባሌ ከአልጋው ቀና ብሎ። «በኪዳነ ምሕረት፣ ታስጨርሺናለሽ!»

እሳቸው ነገሩን ለመንግሥት ነበር ያሉት፤ እኔ ግን ለሴትየዋ አድርጌ ነው የሰማሁት። ለቀናት ከጆሮዬ አልወጣም።

ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ሥራው እንዴት እንደዋለ ትነግረው ጀመር። ባሌ በነዚያ ቀናት ከምሳ በፊት ተነስቶ ጢሙን ይላጫል። በሌላው ቀን ጋቢውን እንደለበሰ ነው የሚውለው። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ አማቴም መላጫ ውኃውን ሲያሞቁለት ቀና ብለው ያዩኝ ነበር።

ወጥ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ስለነበር የሚነጋገሩትን ሁሉ እሰማለሁ። ያንን የቁልፍ ዘለላ ፈታችው፤ የማሽን ክፍሉን ለማሽን ክፍሉ ኃላፊ፣ የመጋዘኑን ለመጋዘን ጠባቂው፣ የጥራዝ ክፍሉን ለጥራዝ ክፍሉ ኃላፊ አከፋፈለች። ወደየስብሰባው ኃላፊዎቹን በተራ ትልክ ጀመር፤ ራሷ የምትሄደው የግድ የሆነው ላይ ብቻ ነው። አንድ ረቡዕ ደግሞ ኮርፖሬሽኑ ድረስ ሄዳ፣ ፖስተሩና የተማሪ መጽሐፉ በአንድ ጊዜ አይታተምም፣ የትኛው እንደሚቀድም እናንተ ምረጡ ብላቸው እንደመጣች ነገረችው።

ባሌ ደነገጠ። «እንዲህ ብለሻቸው ምን አሉ?»

«ተቆጡ። ከዚያ መረጡ።»

«እኔ ብለው ኖሮ...»

«አንተማ ብትለው ዓመት ሙሉ ይይዙብሃል። እኔ እዚህ የምቀር ሰው አይደለሁም። ቢከፋቸው ወደ ሌላ ቦታ ይልኩኛል፤ እሱ ደግሞ ድሮም ሥራዬ ነው።»

እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላዬ ቆመ። ስለ ፖስተሩ አልነበረም። «ብለሻቸው» ነው ያላት። እሷም «አንተማ» ብላዋለች። «እርስዎ» መቼ ነው የወደቀው? ባለፈው ቅዳሜ ነበረ፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። በቅዳሜና በረቡዕ መካከል ምን ተፈጠረ?

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጠየቅኩት። «መቼ ነው አንቺ የሆነችው?»

«ማን?»

«ተጠባባቂህ።»

«እንዴ! ጓድ እኮ ናት።»

«ጓድ ከሆነች ጓድ በላታ!»

ሳቀ። እሷ ያስተማረችው ሳቅ መሰለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

የሚያበግነኝ ደግሞ እየዳነ መሄዱ ነበር። ፊቱ ላይ ደም መጣ። ሌሊቱን ሳይባንን ያድራል። ከሰዓት በኋላ ትንሿን ልጃችንን እጇን ይዞ ደረጃውን በዝግታ እየወጣ ጊዮርጊስ ግቢ ያደርሳታል፤ እዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ርግብ ሲያዩ ይቆያሉ። ልጅቷ መሸሸጉን ተወች። ጭራሽ ሌሊት እየተነሳች በኔና በሱ መሀል መተኛት ጀመረች። ለዚህ ነገር እኔ ስንት ለምኜዋለሁ! አልቅሼበታለሁ፤ አኩርፌ ወላጆቼ ቤት ሰንብቻለሁ፤ ስለት ተስያለሁ። እሷ ግን ለኔም ለሱም ብላ ሳይሆን ለሥራው ብላ፣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ አደረገችው። ስለዚህ ደስ ሲለኝ ይቆጨኛል፣ ሲቆጨኝ አፍራለሁ። ባሌ ጤና በሆነ ቁጥር እኔ እከሳለሁ።

አንድ ሐሙስ ቀን አላስችል አለኝና ተነሳሁ። ለክርስትና ብቻ የማወጣትን ሰማያዊ ቀሚሴን ለበስኩ። ጸጉሬን ተሠራሁ። ለአማቴ ገበያ ደርሼ እመጣለሁ አልኳቸው፤ ቀሚሴን አይተው የትኛው ገበያ ሳይሉኝ ቀሩ። ደረጃውን ወጥቼ፣ በወርቅ ቤቶቹ በኩል አልፌ፣ ኬክ ቤቱ ጋ ስደርስ መስታወቱ ላይ ራሴን አየሁና ልመለስ ቃጣኝ። አልተመለስኩም።

የማተሚያ ቤቱ ዘበኛ ገና ከሩቅ፣ «እትዬ! እንደው ምነው ጠፉ!» ብሎ በሩን በሰፊው ከፈተልኝ። ገባሁ። የማሽኑ ጩኸት፣ የቀለሙና የቀለጠው እርሳስ ሽታ አንድ ላይ ተቀበለኝ። በባሌ ልቀና መጥቼ፣ የሚገርመው፣ መጀመሪያ የቀናሁት በቦታው ነው። ፊደል ለቃሚዎቹ ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። ድሮ የተቀመጥኩባት የአራሚ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጎረምሳ ተቀምጦ ገጽ ያገላብጣል፤ ብርሃኑን ከጀርባው አድርጎ ነው የተቀመጠው፣ እንዲያ ተቀምጦ ነጥብና ሰረዝ አይለይም። አዙረህ ተቀመጥ ልለው ነበር፤ የሱ ቦታ መሆኑ ትዝ ብሎኝ አለፍኩ።

ቢሮው ክፍት ነበር። የባሌ ወንበር ጨርቅ ለብሷል። እሷ መስኮቱ ሥር፣ የተማሪ ጠረጴዛ በምታክል ጠረጴዛ ላይ ዳቦ በሻይ ትበላለች። ስታየኝ ተነሳች፤ ወንበር ሳበችልኝ። አልተቀመጥኩም። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ብዙ ንግግር ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝና፣

«ባሌ እርስዎ በሚመጡበት ቀን ጢሙን ይላጫል» አልኳት።

የጎረሰችውን ዋጠች። «በሌላው ቀንስ?»

«በሌላው ቀን አይላጭም።»

«እንግዲያው ሰኞንም ልጨምርለት» አለች። ፊቷ ላይ የቀልድ ምልክት የለም። «አይቀልዱብኝ» ልላት አፌን ስከፍት ቀጠለች። «ከዚህ በፊት የነበርኩበት ድርጅት አለቃው ታሞ ነበር። አንድ ቀንም ጢሙን ሳይላጭ፣ አንድ ነገር ሳይጠይቀኝ ሞተ። በሽተኛ መላጨት ሲጀምር እኔ ደስ ይለኛል። እርስዎ ግን ደስ ያላለዎት ምክንያት ይገባኛል። ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ።

«ባልዎ በቅርቡ ይመለሳል» አለችኝ። «ሲመለስ መጀመሪያ የሚያደርገው ምን ይመስልዎታል? ቁልፎቹን ይሰበስባል። አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ነገ፤ ለማንም ሳይታወቅ። ለኃላፊዎቹ ነግሬያቸዋለሁ፤ እነሱ ግን አለቃቸውን እምቢ አይሉም። እምቢ የሚለው ሰው ቤት ውስጥ ነው ያለው። እኔ ያኔ አልኖርም።»

«እኔን አይሰማኝም።»

«በልመና ነው የሚነግሩት፣ ስለዚህ ነው። በልመና አይንገሩት።»

ይህን ማወቋ አናደደኝ። ቤቴ ውስጥ ከኔና ከሱ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር በርጩማ ላይ ተቀምጣ አይታው ኖሯል። ልነሳ ስል፣ «እርስዎ እዚህ አራሚ ነበሩ አሉ» አለችኝ።

«ነበርኩ።»

«ለምን ተዉት?»

«ለጊዜው ነው የተውኩት።»

«የኔ ለጊዜው እንኳ መጨረሻው የታወቀ ነው» አለች። «የእርስዎስ?»

መልስ አልጠበቀችም። ሥላሴ አካባቢ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት አራሚው ስለዘመተበት ተጠባባቂ እንደሚፈልግ ነገረችኝ። የባሌ ድርጅት ስላልሆነ ማንም ማንንም አያማም አለችኝ። ሳላመሰግናት ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ እንባዬ ይወርዳል፤ ባሌን ወሰደችብኝ ብዬ ልጣላት ሄጄ፣ ሥራ ሰጥታ መለሰችኝ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አያስቀና!

ባሌ ሲሻለው መጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ ሙሉ ቀን እየዋለ ለጥቂት ሳምንት አብረው ሠሩ፤ እሱ በወንበሩ፣ እሷ መስኮቱ ሥር። እነዚያ ሳምንታት ለኔ ከሁሉም የከፉ ነበሩ፤ አሁን ተከልዬ የምሰማበት መጋረጃ እንኳ የለኝም። ቀጥሎ ክፍለ ሀገር ያለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላኳት። ሠራተኞቹ በለስላሳና በኬክ ሸኟት፤ እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ባሌ ንግግር ሲያደርግ እሷን እሷን ያይ ነበር። መሬት መሬቱን አየሁ። ስትሰናበተኝ ጉንጬን ስማ፣ «ሥላሴ ሄዱ?» አለችኝ በጆሮዬ።

«ሰኞ እጀምራለሁ» አልኳት። እልህ ነበር፤ ገና አልጠየቅኳቸውም። ግን አፌ ስለተናገረው ሰኞ ሄድኩ። ተጠባባቂ አራሚ ተብዬ ተቀጠርኩ፤ የዘመተው ሰው ሲመለስ እሱ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረና እኔ እዚያው ቀረሁ።

እንዳለችውም ሆነ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ የባሌ ሱሪ እንደገና መዝመም ጀመረ። አንድ ቀን ሲገባ እጄን ዘረጋሁ። «የወረቀት ማከማቻው ቁልፍ ቤቴ ምን ይሠራል?» አልኩት። አለመንኩም፣ አላለቀስኩም። አየኝ፤ ወደ ኪሱ አየ። በማግሥቱ መለሰው። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ያደመጠው እኔን ይሁን እሷን መለየት አቃተኝና እራቴን ለልጆቹ አካፈልኩት። ለብዙ ዓመታት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ሲያንኳኳ፣ ልጆቹ ወደሱ ሲሮጡ፣ ውስጤ አንዲት ትንሽ እሾህ ትወጋኝ ነበር። ባሌን የመለሰችልኝ ሌላ ሴት ናት። ይህን ይቅር ማለት ከበደኝ።

ከዓመታት በኋላ፣ ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ ፒያሳ ሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት አገኘኋት። ጸጉሯ ሸብቷል፤ ኮቱ ያው ግራጫ ነው። አልፌያት ልሄድ ነበር፤ እግሬ ግን ወደሷ ሄደ። ሰላም አልኳት። ሞቅ አድርጋ ሳመችኝ፤ ዓይኗ ግን ይፈልጋል።

«ይቅርታ የኔ እመቤት፣ የት ነበር የምንተዋወቀው?»

«ማተሚያ ቤቱ... ባሌ ታሞ...»

«ማተሚያ ቤት» አለች ግንባሯን አኮማትራ። «ብዙ ቦታ ነው የሠራሁት፤ ሦስት ማተሚያ ቤት ሳልይዝ አልቀርም። የትኛው ነበር?»

ነገርኳት። ስለ ሰባ ደረጃ፣ ስለ በርጩማው፣ ስለ ቁልፎቹ ነገርኳት። ራሷን በትሕትና ነቀነቀች፤ ሰውን ላለማሳፈር ብቻ ነው የነቀነቀችው። «ባለቤትዎ ዳኑ?» አለችኝ።

«ድነዋል።»

«እግዜር ይመስገን» አለችና አውቶቡሷ ስለመጣ ተሰናብታኝ ሮጠች።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ እሾህ፣ ሴትየዋ ባሌን አታስታውሰውም! እፎይ ማለት ነበረብኝ። ይልቅ ስለሱ ብዬ ተቀየምኳት። እሱ እኮ እስካሁን በሆነ ባልሆነው፣ «እሷ ብትሆን እንዲህ ታደርገው ነበር» ይላል።

ቤት ስገባ ጋዜጣ ያነባል። «ዛሬ ማንን እንዳየሁ ታውቃለህ?» አልኩት፤ ነገርኩት። ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እሷን? ደህና ናት? ምን አለችሽ?»

ፊቱን አየሁት። አረጀ፤ ግን በሕይወት አለ። «ገና ስታየኝ ስለ አንተ ነው የጠየቀችኝ» አልኩት። «ሰላም በይልኝ ብላኛለች።»

ፊቱ በራ። ዝም ብሎ ለብቻው ፈገግ አለ፤ ጋዜጣውንም መልሶ ሳያነሳ ቆየ። እኔም ኮቴን ሳላወልቅ ወጥ ቤት ገብቼ ድስቱን ከሚገባው በላይ አንኳኳሁት።